ጥራቱ የት ይጠፋል? በዓለም ባንክ ሰፈር ቤት ለሙዚቃ ማዳመጫ የሚሆን የዲጂታል-አናሎግ ቀያሪ አመራረጥ

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሙዚቃ ወዳድ ቤተሰብ ውድ የዲጂታል-አናሎግ ቀያሪ ለመግዛት ሲነሣ ሊመዝናቸው የሚገቡ ነጥቦችን ይመረምራል። የጽሑፉ ጥያቄ የትኛው ቀያሪ ከየትኛው ይበልጣል የሚል አይደለም፤ ሙዚቃው ከቅጂው ተነሥቶ ጆሮ እስኪደርስ ባለው መንገድ ጥራቱ በየትኛው ክፍል እንደሚጠፋ መለየት ነው። ለዚህም የቀያሪውን አሠራር፣ የአገራችንን ቅጂዎች ባሕርይ፣ በዓይነ ስውር ፈተና የተገኙ ውጤቶችን፣ የመኖሪያ ክፍልን አኩስቲክስ እንዲሁም የኤሌክትሪክ አቅርቦትን በየተራ ይመለከታል። የደረሰበት መደምደሚያ የሚከተለው ነው፦ ከተወሰነ የልኬት ደረጃ በላይ ለቀያሪ የሚጨመር ገንዘብ በአብዛኛው ለጆሮ አይደርስም፤ ያው ገንዘብ ለስፒከር፣ ለክፍሉ፣ ለኤሌክትሪክ ደኅንነትና በቤት ላሉ አሮጌ ካሴቶች ማቆያ ቢውል የሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል።

ቁልፍ ቃላት፦ ዲጂታል-አናሎግ ቀያሪ፣ የድምፅ ክልል፣ ካሴት፣ ኤቢኤክስ ፈተና፣ ዓለም ባንክ

1. መግቢያ

ለቤት ሙዚቃ ማዳመጫ የሚሆን የዲጂታል-አናሎግ ቀያሪ (ከዚህ በኋላ “ቀያሪ”) ገበያ እጅግ ሰፊ ነው። በአንድ በኩል አፕል ኩባንያ በአሜሪካ በ9 ዶላር የሚሸጠው፣ ከስልክ ጋር የሚሰካው የማዳመጫ ማገናኛ አለ፤ በዚህች ትንሽ ገመድ ውስጥ ሙሉ ቀያሪ ይገኛል። በሌላ በኩል ዋጋቸው ከ10,000 ዶላር የሚያልፍ፣ በወፍራም አልሙኒየም የተሠሩ ባለ ብዙ ሣጥን ዕቃዎች አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከአንድ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። የድምፅ ልዩነቱ ግን ስንት እጥፍ ነው?

ጥያቄው በኢትዮጵያ ተጨማሪ ክብደት አለው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ቀድሞ 57,000 ብር የሚያወጣው የ1,000 ዶላር ዕቃ ቀረጥና ታክስ ሳይጨመርበት ከመቶ ሺህ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ዕቃው ከመርካቶ ሱቅ ቢገዛም፣ ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ቢገባም ይህ ስሌት አይቀርም። በተሳሳተ ቦታ የሚወጣ ገንዘብ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ዓለም ባንክ ለዚህ ምርመራ የተመረጠበት ምክንያት እንደ አብዛኛው የከተማው መኖሪያ ተራ ሰፈር በመሆኑ ነው። የቀያሪ ግምገማዎች በብዛት የሚጻፉት ልዩ የማዳመጫ ክፍል ላላቸው፣ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ለሚያገኙና ዕቃው ሲበላሽ ለአምራቹ መላክ ለሚችሉ ሰዎች ነው። የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የሴራሚክ ወለል፣ ከአጥር ማዶ የጎረቤት ድምፅና የሚሄድ የሚመጣ መብራት ባለበት ቤት ውስጥ ግን መመዘኛው ሌላ ነው።

2. የቀያሪው ሥራና መለኪያው

በዲጂታል መልክ የተቀመጠ ሙዚቃ የቁጥር ተርታ ነው። ፊሊፕስና ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት የሲዲ ደረጃ መሠረት የድምፁ ሞገድ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልኬት በ16 ቢት ይጻፋል። ለግራና ለቀኝ ሲሰላ በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል። በናሙና ንድፈ ሐሳብ መሠረት ይህ አሠራር እስከ 22,050 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ያስችላል። የጤናማ ወጣት ጆሮ ወሰን 20,000 ኸርዝ አካባቢ ሲሆን ዕድሜ በጨመረ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። የቀያሪው ተግባር እነዚህን ቁጥሮች ወደ ተከታታይ ቮልቴጅ መመለስ ነው።

የቢት ብዛት የሚወስነው የድምፅ ክልልን፣ ማለትም በከፍተኛው ድምፅና በመሣሪያው የጀርባ ሽሽታ መካከል ያለውን ርቀት ነው። የታወቀው ስሌት የቢቱን ብዛት በ6.02 አባዝቶ 1.76 መደመር ነው። በዚህም 16 ቢት 98 ዴሲቤል ገደማ፣ 24 ቢት ደግሞ 146 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል። ይሁን እንጂ የኋለኛው ቁጥር በተግባር የሚደረስበት አይደለም። የተለመደው የቀያሪ መውጫ 2 ቮልት ነው፤ ከዚህ በ146 ዴሲቤል ዝቅ የሚል ሲግናል 0.1 ማይክሮቮልት ብቻ ይሆናል። በአንጻሩ አንድ ባለ 1,000 ኦም ሬዚስተር በክፍል ሙቀት፣ በጆሮ ወሰን ውስጥ፣ ከሙቀቱ የተነሣ ብቻ 0.57 ማይክሮቮልት ገደማ ረብሻ ያመነጫል። ስለዚህ የ24 ቢት የመጨረሻዎቹ ቢቶች በየትኛውም ዋጋ በሚገዛ ዕቃ ውስጥ በተፈጥሮ ሕግ ይዋጣሉ። የኢኤስኤስ ኩባንያ ኢኤስ9038ፕሮ የተሰኘው ቺፕ እንኳ በአምራቹ መግለጫ ከ140 ዴሲቤል አያልፍም፤ ይህም በተመቻቸ አደራረግ የሚገኝ ቁጥር ነው።

ቀያሪዎች በሁለት ዋና ዋና መንገዶች ይሠራሉ። የመጀመሪያው ዴልታ-ሲግማ የሚባለው ነው፤ ጥቂት ቢቶችን በእጅግ ከፍተኛ ፍጥነት እያወጣ ረብሻውን ከጆሮ ወሰን በላይ ወዳለው ድግግሞሽ ይገፋዋል። ሁለተኛው የሬዚስተር መሰላል ነው፤ እያንዳንዱ ቢት የራሱ ሬዚስተር ኖሮት ድምሩ ቮልቴጁን ይሰጣል። መሰላሉ በ16 ቢት ትክክለኛ ይሆን ዘንድ የትልቁ ቢት ሬዚስተር ስሕተት ከ65,536 አንድ፣ ማለትም ከ0.0015 በመቶ መብለጥ የለበትም። ይህንን ትክክለኛነት ማግኘት ውድ ነው፤ የመሰላል ቀያሪዎች ዋጋ የሚንረውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ውድነቱ የአሠራሩን አስቸጋሪነት እንጂ የውጤቱን ብልጫ አያመለክትም፤ ርካሽ የዴልታ-ሲግማ ቺፖች በልኬት ከብዙ መሰላሎች ይበልጣሉ።

አንዳንድ የመሰላል ቀያሪዎች ያለ ማለስለሻ ማጣሪያ ይሸጣሉ፤ ድምፃቸውም “ለስላሳ” ይባላል። ለዚህ ግልጽ ምክንያት አለ። ማጣሪያ የሌለው ቀያሪ በ44,100 ናሙና ሲሠራ በ20,000 ኸርዝ ላይ 3.2 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ልዩነቱ ሊሰማ ይችላል፤ የሚሰማው ግን ከቅጂው የጎደለ ነገር ነው። እዚህ ላይ መወሰድ የሚገባው መርሕ “ይለያል” ማለት “ይሻላል” ማለት አለመሆኑ ነው።

በቺፕ ስም መምረጥም አስተማማኝ መንገድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 በጃፓን ኖቤዮካ የሚገኘው የኤኬኤም ኩባንያ የቺፕ ፋብሪካ በእሳት ሲወድም ብዙ ቀያሪ አምራቾች በአቅርቦት እጥረት ምክንያት ወደ ሌላ ኩባንያ ቺፕ ዞረዋል። የዕቃው ጠባይ የሚወሰነው በቺፑ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባለው የመውጫ ሰርኪዩትና የኃይል አቅርቦት ጭምር ነው።

3. ምንጩ፦ ሸክላ፣ ካሴትና ስልክ

ቀያሪ የሚመልሰው በቅጂው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ በዓለም ባንክ ቤት ውስጥ ምን እንደሚደመጥ ሳይታወቅ ምን እንደሚገዛ መወሰን አይቻልም።

የአማርኛ ዘመናዊ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን የሚባለው ክፍል የተቀዳው ለሸክላ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረተው አምሃ ሬከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳትሟል። ከእነዚህ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀውና ቡዳ ሙዚክ በሚያሳትመው ኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲ ዳግም ለአድማጭ ቀርበዋል። ከሸክላው ዘመን በኋላ ካሴት ገበያውን ለረጅም ዓመታት ተቆጣጠረ።

የእነዚህ ምንጮች የድምፅ ክልል ይታወቃል። በጥሩ ሁኔታ የታተመና የተያዘ ሸክላ ከ60 እስከ 70 ዴሲቤል፣ ያለ ረብሻ መቀነሻ የተቀዳ ተራ ካሴት ደግሞ ከ50 እስከ 55 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል። ከላይ የተገለጸው ስሌት ወደ ኋላ ሲሠራ 70 ዴሲቤል ከ12 ቢት ያነሰ፣ 55 ዴሲቤል ደግሞ ወደ 9 ቢት የሚጠጋ ነው። እነዚህን ቅጂዎች በ98 ዴሲቤልም ሆነ በ120 ዴሲቤል ቀያሪ ማጫወት የቅጂውን ሽሽታ በታማኝነት ከማሰማት ያለፈ ለውጥ አያመጣም።

ሌላው ምንጭ ስልክ ነው። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር የኤምፒ3 ፋይል በብዛት በሰከንድ ከ128 እስከ 320 ኪሎቢት ይይዛል፤ ይህም ከሲዲው 1,411 ኪሎቢት ጋር ሲነጻጸር ከአሥራ አንድ እጅ አንዱ እስከ ከአራት እጅ አንዱ ገደማ ነው። በመጭመቅ የወጣውን መረጃ የትኛውም ቀያሪ አይመልሰውም። ፋይሉ ተደጋግሞ ተጨምቆ ከሆነ ጉዳቱ ይደራረባል። በመሆኑም ያልተጨመቀ ቅጂ ወይም ሕጋዊውን ሲዲ መግዛት ውድ ቀያሪ ከመግዛት ይቀድማል።

በዚህ አጋጣሚ የቅኝት ጉዳይ ሊነሣ ይገባል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ለሚያጠና ሰው የድምፅ ከፍታ ትክክለኛነት መሠረታዊ ነው። የቀያሪ የውስጥ ሰዓት ከሚሊዮን 100 እጅ ቢሳሳት፣ ይህም ለዛሬ ዕቃ ትልቅ ስሕተት ነው፣ የከፍታው ለውጥ 0.17 ሴንት ብቻ ይሆናል፤ ሴንት ማለት የግማሽ ድምፅ መቶኛ እጅ ነው። በአንጻሩ የካሴት ማጫወቻ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲዛነፍ ለውጡ 17 ሴንት፣ በ3 በመቶ ሲዛነፍ ደግሞ 51 ሴንት፣ ማለትም ግማሽ ድምፅን በግማሽ ያህል ነው። ወጥ የሆነ መዛነፍ የድምፆቹን ርቀት ሳይለውጥ መነሻውን ብቻ ያዛውራል፤ የፍጥነት መዋዠቅ ግን ርቀቶቹንም ያበላሻል። ቅኝትን የሚያሳስተው ቀያሪው ሳይሆን ያረጀው የማጫወቻ ጎማና ሞተር መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

4. የጆሮ ምስክርነት

የልኬት ልዩነት ለጆሮ መሰማቱ የሚረጋገጠው አድማጩ የትኛው ዕቃ እየተጫወተ እንደሆነ በማያውቅበት ፈተና ነው። ማየርና ሞራን እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ማኅበር መጽሔት ባወጡት ጥናት ከፍተኛ ጥራት ያለው ቅጂ በቀጥታ ሲጫወትና በ16 ቢት፣ 44,100 ኸርዝ በሆነ ዑደት ውስጥ ሲያልፍ አድማጮች እንዲለዩ ተጠይቀዋል። ከ554 ሙከራዎች 276ቱ፣ ማለትም 49.8 በመቶው ትክክል ነበሩ፤ ይህ ሳንቲም ከመወርወር አይለይም።

በተቃራኒው ወገን ጆሹዋ ሪስ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው ጥናት 18 ቀደምት ጥናቶችንና ከ12,000 በላይ ሙከራዎችን አጠቃልሎ በአማካይ 52.3 በመቶ ትክክለኛ መልስ አግኝቷል። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም በስታትስቲክስ መለኪያ ከአጋጣሚ በላይ ነው፤ ልዩ ሥልጠና ባገኙ አድማጮችም ከፍ ይላል። ሁለቱ ውጤቶች አብረው ሲነበቡ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ከሲዲ ደረጃ በላይ የሚገኝ ልዩነት ካለ፣ ለመስማት ሥልጠናና ጸጥታ የሚጠይቅ እጅግ ረቂቅ ልዩነት ነው።

በሻጮች ዘንድ ዘወትር የሚነሣው የሰዓት መንቀጥቀጥ፣ ጂተር የሚባለው፣ ተመሳሳይ ታሪክ አለው። አሺሃራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት የሠለጠኑ አድማጮች በሙዚቃ ውስጥ ያለ ዘፈቀዳዊ መንቀጥቀጥን ለመለየት በርካታ መቶ ናኖሰከንድ ያህል መጠን አስፈልጓቸዋል። በደንብ የተሠራ ቀያሪ ግን ከዚህ በሺህ እጥፍ በሚያንስ በፒኮሰከንድ ይለካል።

ታዲያ በሱቅ ውስጥ ሁለት ቀያሪዎች ተለዋውጠው ሲሰሙ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ለምንድን ነው? ዋናው ምክንያት የድምፅ መጠን ነው። አንዱ 2 ቮልት፣ ሌላው 2.3 ቮልት ቢያወጣ ልዩነቱ 1.2 ዴሲቤል ይሆናል፤ ጆሮ ይህንን “ጮኸ” ብሎ ሳይሆን “ጠራ፣ ሞላ” ብሎ ይተረጉመዋል። ባለ ሦስት እግር ኤክስኤልአር መውጫ ብዙ ጊዜ 4 ቮልት ስለሚያወጣ ከተራው መውጫ በ6 ዴሲቤል ይበልጣል። ንጽጽር ትክክል የሚሆነው መጠኑ በ0.1 ዴሲቤል ልክ ሲስተካከል ነው፤ ይህም 2.00 ቮልትን ከ2.02 ቮልት እንደመለየት ነው።

ገዢ በቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ፈተና ቀላል ነው። በመጀመሪያ የ200 ኸርዝ ወጥ ድምፅ እየተጫወተ የሁለቱ ቀያሪዎች መውጫ በመልቲሜትር ተለክቶ ይስተካከላል፤ ተራ መልቲሜትር በከፍተኛ ድግግሞሽ ስለሚሳሳት ዝቅተኛ ድምፅ መጠቀም ይመረጣል። ቀጥሎ ሌላ ሰው ከአድማጩ ዕይታ ውጭ ሆኖ ሳንቲም እየወረወረ አንዱን ወይም ሌላውን ያጫውታል። አድማጩ ከ16 ሙከራዎች 12ቱን ቢያገኝ ይህ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ 3.8 በመቶ ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ተሰምቷል ማለት ይቻላል። ዘጠኝ ወይም አሥር ብቻ ቢያገኝ ግን ልዩነቱን አስረድቷል አይባልም። አንድ ከሰዓት የሚፈጅ ይህ ፈተና መቶ ሺህ ብር ሊያድን ይችላል።

5. ክፍሉና ስፒከሩ

በሙዚቃ መንገድ ላይ የእያንዳንዱ ክፍል ስሕተት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሥዕሉ ይጠራል። በደንብ የተሠራ ቀያሪ በጆሮ ወሰን ውስጥ ከ0.1 እስከ 0.2 ዴሲቤል ገደማ ይዛነፋል። ጥሩ የቤት ስፒከር ደግሞ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 3 ዴሲቤል ይዛነፋል። በተራ ክፍል ውስጥ ያለ ዝቅተኛ ድምፅ ግን አድማጩ በተቀመጠበት ቦታ ልክ ከ10 እስከ 20 ዴሲቤል ሊዋዥቅ ይችላል።

ለምሳሌ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3.5 ሜትር፣ ከፍታው 2.8 ሜትር የሆነ ሳሎን ይታሰብ። በርዝመቱ የሚፈጠረው የመጀመሪያ የክፍል ሞገድ 43 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ እዚህ ድግግሞሽ ላይ ከግድግዳው ጥግ የተቀመጠ ሰው ከመጠን ያለፈ ጉምታ ሲሰማ መሐል የተቀመጠው ምንም ላይሰማ ይችላል። የክፍሉ ይዘት 39.2 ሜትር ኪዩብ፣ የገጾቹ ስፋት 70 ሜትር ካሬ ነው። ግድግዳው ልስን፣ ወለሉ ሴራሚክ ሆኖ አማካይ የመምጠጥ መጠኑ 0.05 ቢሆን በሳቢን ቀመር የድምፁ መጥፊያ ጊዜ 1.8 ሰከንድ ይሆናል፤ ይህ ለአነስተኛ ሳሎን በጣም ረጅም ነው። ወፍራም ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ሶፋና የመጻሕፍት መደርደሪያ ተጨምረው አጠቃላይ መምጠጡ 12 ሜትር ካሬ ቢደርስ ጊዜው ወደ 0.5 ሰከንድ ይወርዳል። ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ቀያሪ የለም።

በገናን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የበገና አውታሮች ዝቅ ያለ መሠረታዊ ድምፅ አላቸው፤ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ደግሞ በላዩ ብዙ ከፍተኛ ሃርሞኒኮችን የያዘ ንዝረት ይፈጥራል። አለሙ አጋ በኢትዮፒክስ 11ኛ ቅጽ የተጫወተውን ለማዳመጥ ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም በእኩል የሚያሰማ ስፒከር ያስፈልጋል። አነስተኛ ስፒከር መሠረቱን ትቶ ንዝረቱን ብቻ ሲያሰማ በገናው ቀጥኖ ይሰማል፤ ጉድለቱን በቀያሪ ማረም አይቻልም።

የአካባቢው ጫጫታም ከስሌቱ ሊወጣ አይገባም። ጸጥ ባለ ሌሊት የመኖሪያ ክፍል ጫጫታ ከ30 እስከ 35 ዴሲቤል ቢሆንና የሙዚቃው ከፍተኛ ቅጽበት 95 ዴሲቤል ቢደርስ በተግባር የሚገኘው ክልል ከ60 እስከ 65 ዴሲቤል ብቻ ነው። ቀን ላይ መንገድና ጎረቤት ሲጨመሩ ይህም ይጠብባል፤ በክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ደግሞ ንግግር እንኳ ይሸፈናል። ጫጫታውን ለማሸነፍ ድምፅ መጨመር መፍትሔ አይሆንም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው አስተማማኝ ብሎ ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው። በሄድፎን የሚያዳምጥ ሰው ከክፍሉ ችግር በከፊል ስለሚገላገል ለቀያሪ ጥራት ከሌላው የተሻለ ምክንያት አለው።

6. ኤሌክትሪክና ከፍታ

በዚህ ርዕስ ሥር ያሉት ነጥቦች በውጭ ግምገማዎች እምብዛም አይነሡም፤ ለአዲስ አበባ ገዢ ግን ወሳኝ ናቸው።

አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጣ ቀያሪ ለ120 ቮልት፣ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለበት ችግር የለም። ውድ ዕቃዎች ግን ብዙ ጊዜ ከባድ ትራንስፎርመር ስላላቸው ለአንድ ቮልቴጅ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ቀጥታ ሲሰኩ ይቃጠላሉ። 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር መጠቀም አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስወግድም። የትራንስፎርመር ብረት የሚሸከመው መግነጢሳዊ ጫና በቮልቴጁና በድግግሞሹ ንፅፅር ይወሰናልና 110 ቮልት በ50 ኸርዝ ከ120 ቮልት በ60 ኸርዝ 10 በመቶ የበለጠ ጫና ያሳድራል፤ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ዕቃ ይሞቃል፣ ይጮኻል።

ሁለተኛ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚከሰተው የቮልቴጅ መዋዠቅ አለ። መብራት ሲሄድ ስፒናውን መንቀል፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ መቆየትና ደኅና ስታቢላይዘር መጠቀም የማንኛውም ቀያሪ የዕድሜ ዋስትና ነው። የሞገድ ቅርጹ የተሰባበረ ርካሽ ኢንቨርተር ግን ትራንስፎርመር ባለው ዕቃ ላይ ጉምታ ስለሚጨምር ለሙዚቃ አይመከርም።

ሦስተኛ፣ የመሬት ሽቦ ጉዳይ ነው። ሶኬቱ ባለ መሬት ቢመስልም ሽቦው ከኋላ ያልተገናኘ ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተር፣ ቀያሪና አምፕሊፋየር ከተለያዩ ሶኬቶች ሲሰኩ በመካከላቸው የሚዞር ጅረት የ50 ኸርዝንና የብዜቶቹን ጉምታ ያመጣል። መፍትሔው መጀመሪያ በባለሙያ ማስፈተሽ፣ ቀጥሎ ሁሉንም ከአንድ ዲቫይደር መሰካት ነው። ጉምታው ከቀጠለ ኮምፒዩተሩን ከቀያሪው ጋር በዩኤስቢ ፈንታ በብርሃን ገመድ ማገናኘት የኤሌክትሪክ ግንኙነቱን ይቆርጠዋል። ስለዚህ የብርሃን መግቢያ ያለው ቀያሪ በዚህ ከተማ ከሁለት ዴሲቤል የተሻለ ልኬት ይልቅ ዋጋ አለው። የመሬት ሽቦን ቆርጦ ጉምታ ማጥፋት ግን ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ተግባር ነው።

አራተኛ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ትገኛለች። ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የሚነደፉት እስከ 2,000 ሜትር ላለ አገልግሎት ሲሆን ከዚያ በላይ ዓለም አቀፉ ደረጃ በኤሌክትሪክ ክፍሎች መካከል የሚተወው የአየር ርቀት እንዲጨምር ይጠይቃል፤ ለ3,000 ሜትር ማባዣው 1.14 ነው። በከተማዋ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ገደማ ስለሚሳሳ ዕቃን የማቀዝቀዝ አቅሙም ይቀንሳል። ቀን ከሌት የሚሞቅ ውድ ቀያሪ በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

7. የአመራረጥ ቅደም ተከተል

ከላይ ከቀረበው ትንተና የሚከተለው ቅደም ተከተል ይወጣል። በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ደኅንነት ይረጋገጣል። ቀጥሎ ለስፒከር ወይም ለሄድፎን ትልቁ የገንዘብ ድርሻ ይመደባል። ሦስተኛ ክፍሉ ይስተካከላል፤ ይህም በአብዛኛው ምንጣፍ፣ መጋረጃና የስፒከር ቦታ መቀየር ስለሆነ ወጪው ትንሽ ነው። አራተኛ ንጹሕ ቅጂ ይሰበሰባል። ቀያሪ አምስተኛ ነው።

ለቀያሪው በቂ የሚባለው መመዘኛ፣ ረብሻና መዛባት ተደምረው ከሙሉ ሲግናሉ ቢያንስ በ100 ዴሲቤል ዝቅ ማለታቸው፣ መውጫው 2 ቮልት መሆኑ፣ ለ220 ቮልት የተሠራ ወይም መምረጫ ያለው መሆኑ፣ የብርሃን መግቢያ መኖሩና በገለልተኛ ወገን የተለካ ውጤት መገኘቱ ነው። መውጫው ከ1 ቮልት ያልበለጠ ማገናኛ በ6 ዴሲቤል ስለሚያንስ የአምፕሊፋየሩ ድምፅ ሲጨመር ሽሽታውም አብሮ ይጨምራል። እነዚህን መመዘኛዎች የሚያሟሉ ዕቃዎች ዛሬ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ክልል ይገኛሉ።

ከዚያ በላይ የሚከፈል ገንዘብ ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ጠንካራ አሠራር፣ ብዙ መግቢያዎች፣ ጥሩ የድምፅ መቆጣጠሪያ፣ የመልክ ውበትና የባለቤትነት ደስታ ተገቢ ምክንያቶች ናቸው። በአገር ውስጥ መጠገን መቻሉም ሊመዘን ይገባል፤ የተለመዱ መለዋወጫዎች ያሉት ዕቃ በሰፈር ጠጋኝ እጅ ሲድን፣ በልዩ ሞጁል የተዘጋ ውድ ዕቃ ግን አንዴ ከተበላሸ ቁም ሣጥን ማስጌጫ ሆኖ ይቀራል። ስሕተት የሚሆነው እነዚህን ጥቅሞች በድምፅ ጥራት ስም መግዛት ነው።

8. ማጠቃለያ፦ ከማዳመጥ ወደ ማቆየት

ከፍተኛ ጥራት ትርጉም የሚያገኝበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም በመንገዱ ተቃራኒ ጫፍ ላይ ይገኛል። ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ቅርስ የሆኑ ቅጂዎች ወደ ዲጂታል ሲገለበጡ ቢያንስ 24 ቢትና 48,000 ኸርዝ፣ ከተቻለም 96,000 ኸርዝ እንዲሆን ይመክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማዳመጥ ይደገማል፤ ካሴት ግን እያረጀ ስለሚሄድ ግልበጣው ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ይደረጋል። የቢቶቹ ትርፍ መጠኑ ሳይስተካከል የተቀዳውን ለማረም፣ ሽሽታውን ለመቀነስና ወደፊት ለሚመጣ ጥናት ያገለግላል።

በዓለም ባንክም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የሠርግ ዘፈን፣ የልቅሶ ሙሾ፣ የወላጅ ድምፅና በገበያ ዳግም ያልወጡ ዘፈኖች የተቀዱባቸው ካሴቶች አሉ። አንድ ቤተሰብ ከውድ ቀያሪ ከሚያድነው ገንዘብ ጥቂቱን ለማጫወቻው አዲስ ጎማ፣ ለጭንቅላቱ ማጽጃና ለደኅና አናሎግ-ዲጂታል መቅጃ ቢያውል ማንም ሻጭ የማያቀርብለትን ድምፅ ያተርፋል። ለተመራማሪም ቢሆን ቀዳሚው ተግባር ይኸው ነው፤ ገና ያልተገለበጠውን ሳይበላሽ መድረስ።